የመስቀል ወፍ የት ትከርማለች?

ገና ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሥነ ሕይወት ማስተማር በጀመርሁበት ዓመት፣ አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ እጇን አውጥታ ‹‹መምህር፣ የመስቀል ወፍ በዓሉ ካለፈ በኋላ የት ነው የምትከርመው?›› ስትል ጠየቀችኝ። ጥያቄው በዕለቱ ከምንማረው የሕዋስ ትምህርት ጋር የሚገናኝ አልነበረም። ሆኖም ‹‹አላውቅም›› ማለት ሞት በሚመስልበት ዕድሜ ላይ ነበርሁና፣ ለአፍታ እንኳ ሳላመነታ ‹‹ወደ አውሮፓ ትሰደዳለች›› ብዬ መለስሁላት። ተማሪዋ በደብተሯ ጻፈችው። አጠገቧ የተቀመጡትም ጻፉት። እኔም ወደ ሚቶኮንድሪያ ተመለስሁ።

መልሱ ስሕተት ነበር። ከአውሮፓና ከእስያ የሚሰደዱት ወፎች በመስከረምና በጥቅምት ወደ እኛ የሚመጡ እንጂ በዚያ ጊዜ ከእኛ የሚሄዱ አለመሆናቸውን እንኳ ባስታውስ ኖሮ፣ ነገሩ እንደማያስኬድ በገባኝ ነበር። ስሕተቴን ያወቅሁት ግን ከመጽሐፍ አይደለም። በዚያው ትምህርት ቤት አትክልት የሚንከባከቡ አንድ አዛውንት ነበሩ፤ ሁላችንም ጋሼ እያልን እንጠራቸዋለን። ተማሪዋ ከጠየቀችኝ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በጥር ወር አንድ ማለዳ፣ ከአጥሩ ሥር የደረቀ የሣር ዘር የሚለቅሙ ቡናማ ወፎች አሳዩኝና ‹‹መምህር፣ የመስቀል ወፎቹ እነዚህ ናቸው እኮ፤ የበዓል ልብሳቸውን አውልቀው ነው›› አሉኝ። ሣቅሁ። እሳቸው ግን አልሣቁም። ‹‹ያንን አንዱን ይዩት፤ አፉ እንደ ቀላ አይደለም?›› አሉ። እውነትም ቀይ ነበር።

የመስቀል ወፍ የሚለው ስም በሳይንስ የአንድ ዝርያ መጠሪያ አይደለም። በየአካባቢው ሰዎች በዚህ ስም በጣታቸው ያመለከቱኝ ወፎች የተለያዩ ናቸው፤ አብዛኞቹ ግን በዝናቡ ወራት ላባቸውን ከሚያሳምሩ ጥቃቅን ዘር በል ወፎች ወገን ነበሩ። ከእነዚህ አንዱ በሳይንሳዊ ስሙ ቪዱዋ ማክሮራ የሚባለው ነው። ወንዴው በመራቢያው ወቅት ጥቁርና ነጭ ይለብሳል፤ ከ12 እስከ 13 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ባለው ሰውነቱ ላይም 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ተጨማሪ ጅራት ያበቅላል። ወቅቱ ሲያልፍ ያንን ሁሉ ጌጥ ይጥልና እንደ ሴቴዋ ቡናማና ዥንጉርጉር ይሆናል፤ የሚቀርለት ቀዩ ምንቃሩ ብቻ ነው። ሌላው ዩፕሌክተስ ካፔንሲስ ነው። በደጋው ሣር መካከል ጥቁር ሰውነቱንና ደማቅ ቢጫ ወገቡን እያሳየ የሚበርረው ይኸው ነው። እሱም በበጋ ቡናማ ይሆናል፤ ሲበርር ግን ቢጫው ወገቡ ያጋልጠዋል። (በአነጋገራችን ሁልጊዜ ‹‹እሷ›› የምንላት ያች ያማረች ወፍ ወንዴ መሆኗን ስነግራቸው ተማሪዎቼ፣ በተለይም ሴቶቹ፣ ቅር ይላቸዋል።)

ጌጡ በመስከረም የሚታየው ያለ ምክንያት አይደለም። እነዚህ ወፎች የሚኖሩት በሣር ዘር ነው። ሣሩ በክረምት አድጎ ዘር በሚይዝበት ጊዜ ለጫጩቶች የሚሆን ምግብ ይበዛል። ዩፕሌክተስ ጎጆውን የሚሠራው በረጅም ሣር መካከል ነው። ቪዱዋ ደግሞ ከነጭራሹ ጎጆ አይሠራም፤ ሴቴዋ ዕንቁላሏን በሌላ ትንሽ ዘር በል ወፍ ጎጆ ውስጥ ጥላ ትሄዳለች፤ ጫጩቷንም ባለ ጎጆዋ ታሳድግላታለች። ስለዚህ ዝናቡ፣ ሣሩ፣ ዘሩ፣ ባለ ጎጆዋ ወፍና የወንዴው ጅራት በአንድ ክር የተሳሰሩ ናቸው። ይህንን ክር በአንድ የትምህርት ቤት አጥር ሥር ቆሞ ከጫፍ እስከ ጫፍ መከተል ይቻላል። ጋሼም ያደረጉት ይህንኑ ነው። እኔ ግን ዲግሪ ይዤ፣ በዚያው አጥር ሥር ሁለት ዓመት ሙሉ ስመላለስ፣ አንድ ቀን እንኳ ቆሜ አላየሁም ነበር።

ዘግይቶ የሚጎበኘንን ወዳጅ ‹‹የመስቀል ወፍ ሆንክብን›› ብለን እንወቅሰዋለን። ወፉ ግን ዓመቱን ሙሉ ከእኛው ጋር ነው። ይህ ጽሑፍ የሚያነሣው ነገርም ከዚህ የራቀ አይደለም። የሥነ ሕይወት ትምህርታችን ተማሪውን ከደጁ ካለው ሕይወት ጋር ሳያስተዋውቀው እስከ ዩኒቨርሲቲ ያደርሰዋል። በአንደኛ ደረጃ ‹‹የአካባቢ ሳይንስ›› የሚባል ትምህርት አለ፤ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ግን አካባቢው በማይታይበት ክፍል ውስጥ፣ በሰሌዳ ላይ ነው።

ለአዲስ ገቢ ተማሪዎች በየዓመቱ የማቀርበው አንድ ጥያቄ አለኝ። በመስኮት በኩል ሁለት ዛፎች አሳያቸውና ስማቸውን እጠይቃለሁ። ብዙዎቹ ሁለቱንም ‹‹ጽድ›› ይሏቸዋል። አንደኛው በእርግጥ የሐበሻ ጽድ፣ ጁኒፔረስ ፕሮሴራ ነው። ሌላው ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ የመጣው የፈረንጅ ጽድ፣ ኩፕሬሰስ ሉሲታኒካ ነው። ከሩቅ መመሳሰላቸው አይካድም። ቀረብ ብሎ ፍሬያቸውን ያየ ሰው ግን ልዩነታቸውን ወዲያው ይረዳል፤ የፈረንጁ ጽድ ፍሬ እንደ እንጨት የጠጠረና ሲበስል የሚሰነጠቅ ሲሆን፣ የሐበሻው ጽድ ፍሬ ትንሽ፣ ለስላሳና ሲበስል ወደ ሰማያዊነት የሚያደላ ነው። ከዚህም በላይ የሐበሻው ጽድ ወንዴና ሴቴ ዛፍ ስላለው ፍሬ የሚገኘው በሴቴዋ ላይ ብቻ ነው። ይህንን የማያውቀው ተማሪ የክሬብስ ዑደትን ከነሙሉ ኢንዛይሞቹ በቃሉ ይዘረዝርልኛል። ዑደቱን ማወቁ የሚያስመሰግነው ነው። ነገር ግን በዚያው መስኮት በኩል አራት ዓመት ሙሉ ሲመለከተው የኖረውን ዛፍ ጠጋ ብሎ እንዲነካ የጠየቀው መምህር አልነበረም።

የወቅቶቹ ነገር ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ‹‹ፀደይ መቼ ነው?›› ብትሏቸው አብዛኞቹ ያለማመንታት ‹‹መስከረም›› ይላሉ፤ አበባ የሚፈነዳበት ወር ነውና። በባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት አከፋፈል ግን ፀደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ጊዜ ነው፤ በልግ የምንለው። አበባው የሚሞላበት ወቅት መፀው ይባላል፤ ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ይዘልቃል። ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25 በጋ፣ ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ደግሞ ክረምት ነው። ስሕተቱ የገባው የአውሮፓን አራት ወቅቶች ወስደን በየአንዳንዳቸው ላይ ከእኛ ቃላት አንዱን ስንለጥፍ ነው። እነርሱ ዘንድ አበባ የሚፈነዳበትን ወቅት ‹‹ፀደይ›› ብለን ተረጎምነው፤ ከዚያም በእኛ አገር አበባ የሚፈነዳው በመስከረም ስለሆነ ፀደይን ከቦታው አንሥተን መስከረም ላይ አስቀመጥነው። መፀው የሚለው ቃል ከተማሪው አንደበት ጠፋ። አንድ ነገር ልብ በሉ፤ በሊቃውንቱ አከፋፈል መሠረት መስከረም 17 ቀን የሚውለው መስቀል ገና በክረምት ውስጥ ነው። የዝናቡ ወፍ በዚያን ጊዜ ማጌጡ ከአከፋፈሉ ጋር የሚሄድ ነው።

ይህም ቢሆን ለመላው አገሪቱ የሚሠራ ቀመር አይደለም። በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ ቆላዎች ዋናው ዝናብ የሚጥለው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው፤ በጥቅምትና በኅዳር ደግሞ አጭር ዝናብ ይመጣል። የቦረና ተማሪ ‹‹ክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም ነው›› የሚለውን ዐረፍተ ነገር ለፈተና ሲያጠና፣ ከቤቱ ደጃፍ የሚያየውን እንዲጠራጠር እየተማረ ነው። የራሱን ወቅት ራሱ ተመልክቶ ቢጽፍ ግን ከመጽሐፉ ጋር የሚያከራክር ማስረጃ በእጁ ይኖረው ነበር፤ ሳይንስ የሚጀመረውም በእንዲህ ዓይነቱ ክርክር ነው።

አደይ አበባን እንውሰድ። ባይደንስ ማክሮፕቴራ የማያውቃት ኢትዮጵያዊ ተማሪ የለም፤ በእንቁጣጣሽ ሥዕል ሁላችንም ሥለናታል። ነገር ግን አንድ አበባ ብለን የምንቀጥፋት እርሷ በእርግጥ የብዙ ጥቃቅን አበቦች ጉባኤ ናት። በመካከሏ የታጨቁት ነጠብጣቦች እያንዳንዳቸው አበባ ናቸው፤ ዙሪያዋን እንደ ቅጠል የተዘረጉት ቢጫዎችም እያንዳንዳቸው አበባ ናቸው። ሱፍም የዚሁ ቤተሰብ አባል ስለሆነ አሠራሩ ተመሳሳይ ነው። ዙሪያዋን ያሉት ቢጫዎች ስንት ናቸው? በሁሉም ላይ እኩል ናቸው? በሥዕላችሁ ላይ ስንት አድርጋችሁ ነበር? ከዚያም የሚከብደው ጥያቄ ይመጣል፤ አደይ የምትፈነዳው ዝናቡ ሊያቆም ሲቃረብ ነው ወይስ የቀኑ ርዝመት ሲቀንስ? አዲስ አበባ በ9 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ላይ ስለምትገኝ በዓመቱ ረጅም ቀንና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። ይህንን ያህል ትንሽ ልዩነት ተክል ሊለየው ይችላልን? ክረምቱ ዘግይቶ በወጣባቸውና ቀድሞ በወጣባቸው ዓመታት የፈነዳችበትን ቀን ጽፎ ያቆየ ትምህርት ቤት ቢኖር፣ ጥያቄው ቢያንስ በከፊል መልስ ባገኘ ነበር።

ጽፎ ማቆየት ምን ያህል ዋጋ እንዳለው የጃፓን ሰዎች ያውቁታል። በኪዮቶ ከተማ የቼሪ ዛፍ አበባ የሞላበት ቀን ከዘጠነኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ከቤተ መንግሥት ሰዎችና ከመነኮሳት የዕለት ማስታወሻዎች ተለቅሞ ተሰብስቧል። ጸሐፊዎቹ ስለ አየር ንብረት ለውጥ የሚያውቁት አንዳች ነገር አልነበረም፤ የአበባውን በዓል መቼ እንዳከበሩ ብቻ ነበር የጻፉት። እ.ኤ.አ. በ2021 አበባው መጋቢት ወር በገባ በ26ኛው ቀን ሲሞላ፣ በዚያ ከ1200 ዓመት በላይ በሚዘልቅ መዝገብ ውስጥ እስከዚያ ድረስ ይህን ያህል የቀደመ ቀን አለመመዝገቡ ታወቀ። እኛስ? አበባ የሚቀጥፉ ልጃገረዶች በየዓመቱ የአደይን መድረስና መዘግየት ከማንም ቀድመው ያውቃሉ። ‹‹ዘንድሮ ለእንቁጣጣሽ አልደረሰችም›› ይባላል፤ ይባልና ይረሳል። አርሶ አደሩ ‹‹ወቅቱ ተዛባ፣ በልጉ ከዳን›› ሲል የምናነጻጽርበት ቀን የተጻፈበት ወረቀት የለንም። ዝናቡን የሚለካ መሣሪያ አለ፤ አበባዋ የፈነዳችበትን ማለዳ ግን ከሰው ዐይን በቀር የሚመዘግብልን የለም።

ይህን ሐሳብ ለመምህራን ባነሣሁ ቁጥር የሚሰጠኝ መልስ ‹‹አውቶቡስ ከየት ይምጣ?›› የሚል ነው። የመስክ ትምህርት ማለት ሩቅ መጓዝ የሚመስለን ብዙዎች ነን። እኔም ይመስለኝ ነበር። አንድ ዓመት ብዙ ደጅ ጠንቼ በተገኘ ገንዘብ ተማሪዎቼን ወደ አዋሽ ፓርክ ወሰድሁ። ሁለት ሳላዎችን ከሩቅ አየን። ከተመለስን በኋላ ስለ ጉዞው እንዲጽፉ ባዘዝኋቸው ጊዜ ከጽሑፎቹ የሚበዙት ስለ ዘፈኑ፣ ስለ ምሳውና ጎማው ስለ ፈነዳበት ቦታ ነበር። አልፈርድባቸውም። እንስሳን መመልከት ያልለመደ ዐይን በአንድ ቀን አይለምድም። ለዚያ ጉዞ የወጣው ገንዘብ ለየአንዳንዱ ተማሪ ደብተር፣ እርሳስና ገመድ ገዝቶ ይተርፍ ነበር፤ ዓመቱን ሙሉም በየሳምንቱ ወደ አጥሩ ያመላልሰን ነበር።

ሌሎቹ መከራከሪያዎች ግን ቀላል አይደሉም። ስድሳና ሰባ ተማሪ በአንድ ክፍለ ጊዜ ይዞ መውጣት የሚያስቸግር ነው። ርእሰ መምህሩ ከቢሮው መስኮት ሲያይ ተማሪዎቹ የሚጫወቱ ይመስለዋል። ብሔራዊ ፈተናው ደግሞ ስለ አጥሩ አይጠይቅም። ለመጨረሻው መልስ የለኝም፤ ፈተና የሚያወጡ ሰዎች ሊያስቡበት የሚገባ ነው። ለብዛቱ ግን አለኝ። አራት ችካልና አራት ሜትር ገመድ ይበቃል። ተማሪዎቹ አራት አራት ሆነው አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ መሬት ያጥራሉ፤ ዓመቱን ሙሉ የእነርሱ ርስት ይሆናል። በየሳምንቱ ለአሥር ደቂቃ ያህል ሄደው ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ያዩትንና የቆጠሩትን ይጽፋሉ፤ ያላዩትንም ጭምር። ‹‹ዛሬ ጉንዳን የለም›› የሚለው መስመር ጉንዳን ካለበት መስመር እኩል ዋጋ አለው፤ ይህንን ለማሳመን ግን ሁልጊዜ ጊዜ ይፈጅብኛል። በሰኔ ደብተሩ ይሰበሰብና ለቀጣዩ ዓመት ተማሪዎች ይተላለፋል። ዋናው ነገርም ይኸው መተላለፉ ነው፤ የአንድ ዓመት ደብተር የቤት ሥራ ነው፤ የሃያ ዓመት ደብተር ግን ማንም ተመራማሪ የሚመኘው መረጃ ይሆናል።

ስም ፍለጋው ቀጥሎ ይመጣል። በዚህ ረገድ ድሆች አይደለንም። ከኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር እ.ኤ.አ. በ1980 ተጀምሮ በ2009 የተጠናቀቀው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፀዋት ጥናት 6,000 ያህል ዝርያዎችን በመጻሕፍት አስፍሯል፤ የደረቁት ናሙናዎችም በአራት ኪሎው ብሔራዊ የዕፀዋት ቤተ መዘክር ተቀምጠዋል። ለአዲስ አበባ ተማሪዎች ከ700 ሄክታር በላይ ስፋት ያለው የጉለሌ ዕፀዋት ማእከል ቅርብ ነው። ከእነዚህ ሁሉ በፊት ግን የሰፈሩን ሽማግሌዎች መጠየቅ ያስፈልጋል፤ በየቋንቋቸው የሚሰጧችሁንም ስም ጻፉ። ጽዱ በኦሮምኛ ጋቲራ፣ አደይም ኬሎ መባሏን ያልጻፈ ደብተር ጎደሎ ነው። የእጅ ስልካችሁ ፎቶ አንሥቶ የወፉን ስም በሰከንድ ሊነግራችሁ መቻሉን አውቃለሁ፤ እኔም እጠቀምበታለሁ። ሆኖም ስሙን ካወቃችሁ በኋላ ስልኩ ኪስ ይግባና ወፉን አሥር ደቂቃ ተመልከቱት፤ ምን እንደሚበላና ማንን እንደሚያባርር የምታውቁት በዚያን ጊዜ ነው።

በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረው የአረንጓዴ አሻራ ዘመቻ ወዲህ ችግኝ ያልተከለ ተማሪ ማግኘት ያስቸግራል። ደስ የሚል ነገር ነው። የተከላችሁት ምን ነበር ብዬ ስጠይቅ ግን ‹‹ችግኝ›› የሚል መልስ አገኛለሁ። ወይራ ይሁን ኮሶ፣ ጸድቆ ይሁን ደርቆ፣ የመጀመሪያውን በጋ ያለፈው በማን ውኃ እንደሆነ የሚያውቅ ከመካከላቸው ጥቂት ነው። የተተከለው በክረምት ነው፤ የሚሞተው ደግሞ በጥርና በየካቲት፣ ማንም ፎቶ በማያነሣበት ጊዜ ነው። ያቺ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ርስት ችግኙ ባለበት ብትታጠር ኖሮ ቢያንስ የሞተበት ሳምንት ይታወቅ ነበር።

የመስቀል ወፍን የጠየቀችኝ ተማሪ እኔ እውነቱን ከማወቄ በፊት ትምህርት ቤት ቀየረች። መልሴን ሳላርምላት ቀረሁ። ዛሬ ትልቅ ሰው ሆና ለልጆቿ ‹‹ወደ አውሮፓ ትሰደዳለች›› እያለች ይሆናል፤ ይህ መጽሔት በእጇ ቢገባ ደስታዬ ነው። ጋሼ ወፎቹን ያሳዩኝ አጥር አሁን የለም፤ ሣር የነበረበት ቦታ ሕንፃ ቆሞበታል። ከዚያ ጥቂት ራቅ ብሎ ባለ ሌላ ትምህርት ቤት ግን ደብተር የሚይዙ ተማሪዎች አሉ። በቅርቡ ከደብተራቸው ካነበብሁት ገጽ አንዱ እንዲህ ይላል፤ ‹‹ጥር 14፣ ከጠዋቱ 2፡20። ሰማይ ጥርት ያለ፣ ነፋስ የለም። ሽቦው ላይ 11 ቡናማ ወፎች። መጀመሪያ ድንቢጥ መስለውን ነበር። የሦስቱ ምንቃር ቀይ ነው። ሳምንት ተመልሰን እንቆጥራለን።››